«ገደብ» ብለን የምንተረጉመው ፕሮቤሽን

አንድ የቡድናችን አባል፣ አሜሪካ፣ ጆርጂያ ስቴት የሚኖር ታናሽ ወንድማቸው ከሱቅ ዕቃ ሳይከፍል ወጥቷል ተብሎ መከሰሱን፣ ጥፋቱን ካመነ 12 ወር ፕሮቤሽን (በእስር ፋንታ ከውጭ ሆኖ ክትትል የሚደረግበት ቅጣት) ተፈርዶበት በዕለቱ ወደ ቤቱ እንደሚሄድ መነገሩን ገልጸው፣ «ይቀበል ወይስ ይከራከር? ከምናውቀው ሰው ይህን ያህሉ ፕሮቤሽን ላይ የሆነውስ ለምንድን ነው?» ሲሉ ጠይቀዋል። በአትላንታ አካባቢ ፍርድ ቤቶች ለ14 ዓመታት በአማርኛ አስተርጓሚነት ሠርቻለሁ፤ ያየሁትን እጽፋለሁ፤ ጠበቃ አለመሆኔን ግን ይያዙልኝ።

ችግሩ ከቃሉ ይጀምራል። ፕሮቤሽንን «ገደብ» ብለን ስንተረጉመው፣ ሰሚው አገር ቤት የሚያውቀውን ያስባል፦ ቅጣቱ ተገድቦለት ፈርሞ የወጣ፣ ሌላ ጥፋት እስካላጠፋ ድረስም ብዙውን ጊዜ ማንም የማይፈልገው ሰው። እዚህ ግን ሰውየው በየወሩ ቀርቦ ሪፖርት ያደርጋል፣ የክትትል ክፍያ ይከፍላል፣ ለምርመራ ሽንት ይሰጣል፣ ሳያስፈቅድ ከስቴቱ አይወጣም፤ ቤቱ ያለ ፍርድ ቤት ማዘዣ እንዲፈተሽ አስቀድሞ የፈረመም ጥቂት አይደለም። ዳኛው «ገብቶሃል?» ሲሉት አብዛኛው ወገናችን «እሺ» ይላል። እኔም ያንን «እሺ» ተርጉሜ፣ እንዳልገባው እያወቅሁ የወጣሁባቸው ቀናት አሉ።

አጀማመሩ በጎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1841 ጆን ኦገስተስ የተባለ የቦስተን ጫማ ሠሪ፣ በስካር የተከሰሰን ሰው ከገንዘቡ ዋስ ሆኖ አስለቀቀ፤ ማሳቹሴትስም በ1878 ይህን አሠራር በሕግ ደነገገች። በ1980 በመላው አሜሪካ ፕሮቤሽን ላይ የነበረው ሰው 1.1 ሚሊዮን ገደማ ነበር፤ በ2007 ከ4.2 ሚሊዮን በለጠ፤ በቅርብ ዓመታት ወደ 3 ሚሊዮን ወርዷል። ከሕዝብ ብዛቷ አንጻር ሲሰላ ጆርጂያ ከስቴቶች ሁሉ ቀዳሚ ሆና ቆይታለች።

ለዚህ ዋናው ምክንያት፣ በእኔ ግምት፣ ፕሮቤሽን ለሁሉም ወገን የዕለቱን ጣጣ የሚያቃልል መሆኑ ነው። መዝገብ የተቆለለበት ዐቃቤ ሕግ ፋይል ይዘጋል፤ የዋስ ገንዘብ አጥቶ የታሰረው ሰው ከሰዓት በኋላ ልጆቹን ያያል፤ መንግሥትም የእስር ቤት ወጪ ይቀንስለታል። በጆርጂያ ደግሞ ተራ የትራፊክ ጥፋት እንኳ እስከ 12 ወር የሚያስቀጣ ቀላል ወንጀል ስለሆነ፣ ቅጣቱን በአንድ ጊዜ መክፈል ያቃተው ሹፌር በየወሩ እየከፈለ እንዲጨርስ ፕሮቤሽን ላይ ይቀመጣል። ከ1991 ጀምሮ ይህን የቀላል ወንጀል ክትትል የግል ድርጅቶች እንዲሠሩት ተፈቅዷል፤ ገቢያቸው የሚመጣው ከተቀጪው ኪስ ነው። በ2015 የወጣ ሕግ፣ ገንዘብ ለመክፈል ብቻ ፕሮቤሽን ላይ ከተቀመጠ ሰው የክትትል ክፍያ ከሦስት ወር በላይ እንዳይወሰድ ከልክሏል። ከዚያ በፊት ግን 200 ዶላር ቅጣት ያለበት ሰው ለክትትሉ ብቻ ከዚያ በላይ ሲከፍል አይቻለሁ።

በቤተሰብ ላይ የሚያደርሰውን አንድ አባት አሳይተውኛል። በየማለዳው አንድ ስልክ ደውለው በቴፕ የሚነገረውን ቀለም መስማት ነበረባቸው፤ የእርሳቸው ቀለም «ቡናማ» ነው፤ ከተጠራ በዚያው ቀን ሄደው ሽንት ይሰጣሉ። እንግሊዝኛው ስለሚያስቸግራቸው የምትደውለው የአሥር ዓመት ልጃቸው ነበረች፤ ደብተሯ ጀርባ ላይ ቀለሞቹን በአማርኛ ጽፋ፣ የተጠራውን እያከበበች ትምህርት ቤት ትሄዳለች። ታማ በተኛችበት ቀን ማንም አልደወለም፤ አባትየው ቀሩ፤ የእስር ማዘዣ ወጣባቸው። አዲስ ወንጀል አልሠሩም። ሁለት ሌሊት አድረው ሲወጡ የመጋዘን ሥራቸው ለሌላ ሰው ተሰጥቶ ነበር፤ ሥራ ሲጠፋ ክፍያው ይቋረጣል፣ ክፍያው መቋረጡም በራሱ ሌላ ጥሰት ይሆናል።

ሕጉ ይህን ሳያየው ቀርቶ አይደለም። በ1983 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከዚሁ ከጆርጂያ በሄደው የቤርደን ጉዳይ፣ ለመክፈል ጥሮ ያልቻለን ሰው አቅሙ ሳይመረመርና ሌላ አማራጭ ሳይታይ ማሰር አይቻልም ብሏል። ሆኖም በተግባር ብዙውን ጊዜ የመክፈል አቅሙ እንዲመረመርለት የሚጠይቀው አቅሙ ያነሰው ሰው ራሱ ነው፤ ብዙዎች ከማዘዣው ፍርሃት የተነሳ ቢሮው ድርሽ ስለማይሉ ጥያቄው ሳይነሳ ይቀራል።

ወደ ወንድምዎ ልመለስ። ዜግነት ከሌለው ከሁሉ በፊት የሚያሳስበኝ የፍርዱ ወረቀት ላይ የሚሰፍረው ቃል ነው። የእስር ቅጣት ተፈርዶ ቢታገድና አንድም ቀን ባይታሰር፣ የስደተኞች ሕግ የተፈረደውን ሙሉ ጊዜ ይቆጥራል፤ የስርቆት ፍርድ ደግሞ የእስር ጊዜው አንድ ዓመት ከሞላ ለመባረር ከሚዳርገው ከባዱ መደብ ሊገባ ይችላል። ስለዚህ «12 ወር እስር፣ በፕሮቤሽን የሚፈጸም» በሚል እና ከዚያ ባነሰ ቅጣት መካከል ያለው ልዩነት፣ አንድ ቀን እንኳ ቢሆን፣ አረንጓዴ ካርዱን የሚወስን ሊሆን ይችላል። ፕሮቤሽኑ እስኪያልቅም የዜግነት ማመልከቻ አይጸድቅለትም። ይኸው ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2010 በወሰነው የፓዲያ ጉዳይ መሠረት፣ የእምነት ቃሉ ለመባረር የሚዳርግ መሆኑን ጠበቃው ሊነግረው ይገባል፤ ካልነገረው ሳይፈርም ይጠይቅ፤ የስደተኛ ጉዳይ ጠበቃም ወረቀቱን ይይለት። በገንዘብ መቀጮ ብቻ ሊያልቅ ወይም ቅጣቱ ከ12 ወር በታች ሊሆን ይችል እንደሆነ ማስጠየቅም ከጥያቄዎቹ አንዱ ይሁን።

ከተቀበለም የከፈለበትን ደረሰኝ ሁሉ ያስቀምጥ፤ ቀጠሮ ማለፉ ግድ ከሆነበት ቀድሞ በጽሑፍ ያሳውቅ፤ የሚደወል ስልክ ካለም ከልጆች ውጪ የሚደውልለት ትልቅ ሰው ይፈልግ።