58 ተማሪ ላለው የ2ኛ ክፍል አማርኛ የሳምንት ግብና የቤት ሥራ

የሳምንቱን ግብ ጽፈው፣ የቤት ሥራውን ግን ግማሾቹ ልጆች ሳይሠሩ ይመጣሉ ብለው ለጠየቁኝ መምህር መልሴ ይኸው። ግቡ ዓርብ ላይ በዓይን የሚታይ አንድ ነገር ብቻ ይሁን። «የማንበብና የመጻፍ ችሎታቸውን ያዳብራሉ» ብለው የጻፉት ለርእሰ መምህሩ ፋይል ያገለግላል እንጂ ክፍል ውስጥ አይሠራም። በምትኩ እንዲህ ይበሉት፦ «ቀ»ን እና «ከ»ን ለይተው 6 ቃላት በቃል ጽሕፈት ይጽፋሉ። ቁልፍ፣ ኩሬ፣ ቂጣ፣ ኪስ፣ ቆዳ፣ ኮት። ሰኞ ሰሌዳው ጥግ ላይ ይጻፉትና እስከ ዓርብ አይጥፋ።

የቤት ሥራውም ከዚያው ይውጣ፦

1. ሰኞ፦ ሦስቱን ቃላት ሁለት ሁለት ጊዜ መጻፍ።
2. ማክሰኞ፦ የቀሩትን ሦስት።
3. ረቡዕ፦ ምንም።
4. ሐሙስ፦ ስድስቱንም ለቤተሰብ ጮክ ብሎ ማንበብ። ቤት ውስጥ ፊደል የቆጠረ ሰው ከሌለ ለጎረቤት ልጅም ይሆናል።

ከ10 ደቂቃ አይለፍ።

«ግማሾቹ ሳይሠሩ ይመጣሉ» ላሉት፦ 58 ደብተር በየቀኑ ማረም አይቻልም፤ ልጆቹም ይህን ያውቃሉ። ማክሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ 20 ገደማ ደብተር ብቻ ይዩ። የትኛው ረድፍ እንደሚታይ ግን አስቀድመው አይንገሯቸው።

አንድ ነገር ይጠንቀቁ። ቤት ውስጥ የሌለ ዕቃ የሚጠይቅ ሥራ አይስጡ። እኔ አንድ ጊዜ «የቤት እንስሳ ሥዕል ቆርጣችሁ ለጥፉ» አልኩ። ጋዜጣ የሚገባው ስንት ቤት ነው? በማግስቱ አንዷ ላሟን ይዛ መጣች፤ ከመማሪያ መጽሐፉ ቆርጣ፣ በሊጥ ለጥፋ። መጽሐፉ ደግሞ ከጎኗ ከምትቀመጠው ልጅ ጋር የሚጋሩት ነበር።