የድሮ ፊልም መቅጃ ማሽን እቤት ስለመሥራት፦ ጥያቄና መልስ ከአዳማ

ሱፐር 8 ፊልም (ድሮ ቤተሰብ የሚቀረጽበትን 8 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ፊልም) ወደ ኮምፒውተር የሚገለብጥ ማሽን በእጃቸው የሠሩት ጋሼ ዛሬ ጥያቄ ይቀበላሉ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የአባቴ ሠርግ ፊልም እጄ ላይ አለ። በድሮው ፕሮጀክተር እያጫወትኩ በስልክ ልቅረጸው?
መልስ፦ እንዳታደርገው! የደረቀውን ፊልም ጥርሱ ይቀደዋል፤ ቆም ካለ ደግሞ አምፖሉ ያቀልጠዋል። መጀመሪያ ቆርቆሮውን ክፈትና አሽትት። አቼቶ አቼቶ ከሸተተህ መበስበስ ጀምሯል።

ጥያቄ፦ ስንት ያስወጣል?
መልስ፦ እንደ ኪስህ።

ጥያቄ፦ የሱፐር 8 ፊልም ዳሩ ላይ ያሉት ቀዳዳዎች ርቀት 4.23 ሚሊ ሜትር ነው። ስቴፐር ሞተሩን (በትንሽ በትንሹ እየተለካ የሚዞረውን) በዚያው ልክ ባዞረው አይበቃም?
መልስ፦ እሰይ፣ ጥያቄ መጣ! አይበቃም። 4.23 የአዲስ ፊልም ልክ ነው፤ የድሮው ይኮማተራል። 1 በመቶ ካጠረ በየ100 ፍሬሙ (ፍሬም ማለት አንዷ ምስል ናት) አንድ ሙሉ ፍሬም ትዘላለህ። ስለዚህ ሞተሩ ይጎትት እንጂ ቆጣሪው ቀዳዳው ራሱ ይሁን። እኔ ሞተሩን ከተጣለ ፕሪንተር ነው የፈታሁት። ካሜራው ሰፋ አድርጎ ቀዳዳውንም ያነሳል፤ ኮምፒውተሩ በዚያ ምስሉን ያስተካክላል። ፊልሙ የሚያልፍበት መስኮት ዳር ዳሩን ብቻ ይንካ። የእኔ የመጀመሪያው በጥፍር የማይታወቅ ስንጥር ቀርቶበት 3600ውም ፍሬም ላይ አንድ መስመር አሰመረበት፤ ያውም የእህቴን ልጅ ክርስትና! መጀመሪያ በማይፈለግ ፊልም ሞክሩ።

ጥያቄ፦ ቪዲዮ ብናነሳስ?
መልስ፦ ፍሬም በፍሬም ፎቶ ይሻላል። የ15 ሜትሯ ጥቅል በሰከንድ 2 ፍሬም ብታነሳ ግማሽ ሰዓት ነው። መብራት ቢሄድ ካቆምክበት ትቀጥላለህ።

አንድ አባል፦ ሲጫወት በሰከንድ 24 ፍሬም ነው አይደል?
ሌላ አባል፦ ድምፅ አልባው በብዛት 18 ነው። በ24 ካጫወትከው ሙሽራው እየሮጠ ነው የሚገባው።
የፊተኛው፦ የእኛ ሙሽራ ድሮም ይሮጥ ነበር።
ሌላ አባል፦ ሚዜውስ?
ጋሼ፦ 18። ሚዜውን ተዉትና ወደ ጥያቄው።

ጥያቄ፦ ማሽኔ እምቢ አለኝ።
መልስ፦ ምኑ? ሞተሩ? መብራቱ? እኔ ጠንቋይ ነኝ?

ጥያቄ፦ አቧራውንስ?
መልስ፦ የአዳማን ነፋስ ታውቀዋለህ፤ መስኮት ዝጋ፣ ወለሉን በእርጥብ ጨርቅ ጥረግ። ፊልሙን 99 በመቶ አይሶፕሮፒል አልኮል በነካ ለስላሳ ጨርቅ ቀስ ብለህ አሳልፍ። ከኮሮና ጊዜ የተረፈ ሳኒታይዘር አታስነካው፤ ውሃ አለበት።

ጥያቄ፦ በፕሮጀክተር አንዴ ብቻ ባየውስ?
መልስ፦ ከላይ አንብብ። አንዴም አይሆንም።

የመጀመሪያው ጠያቂ፦ ጋሼ፣ ከፈትኩት። አቼቶ ነው የሚሸተው።
መልስ፦ ከሌሎቹ ለይና አየር በሚያገኝ፣ ቀዝቀዝ ባለ ቦታ አስቀምጠው። ቅዳሜ ይዘኸው ና። ፕሮጀክተሩን እዚያው ተወው።