ለአዲስ ገቢ መምህራን፦ ስለ ማረፊያ ክፍሉ

ልጆቼ፣ ስለ ማስተማር ዘዴ የሚነግራችሁ ሰው አታጡም። እኔ የምጽፍላችሁ ስለ መምህራን ማረፊያ ክፍል ነው። የደመወዙ ማነስ እንዳለ ሆኖ፣ ጎበዝ መምህር ከሙያው ሲሸሽ ያየሁት ብዙውን ጊዜ እዚያ ክፍል ውስጥ ብቸኛ ሲሆን ነው።

በ1983 መስከረም በአራት ኪሎና በፒያሳ መካከል ወዳለ ትምህርት ቤት ስመደብ፣ በየካቲት 1966 የመምህራን አድማ ውስጥ ያለፉ አንጋፋ መምህር ከወንበራቸው ተነስተው «ና፣ እዚህ ተቀመጥ» አሉኝ። ያን ወንበር እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ዩኒት ሊደር፣ ማለትም የመምህራንንና የተማሪዎችን ሥርዓት የሚከታተል ኃላፊ፣ ስሆን ግን ትልቅ ጥፋት አጠፋሁ። ያረፈዱ መምህራንን ስም ዘርዝሬ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጠፍኩ። ሥርዓት ያስያዝኩ መስሎኝ ነበር። በሳምንቱ የማረፊያው ጨዋታ ጠፋ፤ እኔ ስገባ ሰው ደብተሩን ሰብስቦ ይወጣል። ከተለጠፉት አንዱ በየጠዋቱ የታመመች እናቱን አስነስቶ፣ አብልቶ እንደሚመጣ የሰማሁት ከዘበኛው ነው። ሳልጠይቀው ስሙን ለጥፌ ነበር! ወረቀቱን ቀድጄ በሁሉም ፊት ይቅርታ ጠየቅሁት። በማግስቱ ቤቷ ቅርብ የሆነ የአማርኛ መምህርት የመጀመሪያ ክፍለ ጊዜውን ተለዋወጠችው። ማንም አላዘዛትም። ሁለተኛ አላረፈደም፤ ማረፊያውም ቀስ በቀስ መድመቅ ጀመረ።

የእኛ ጓደኝነት የበሰለው በመንገድ ላይ ነው። ከሥራ ስንወጣ በራስ መኮንን ድልድይ አድርገን ወደ ፒያሳ በእግራችን እያወጋን እንሄድ ነበር። በ2016 አካባቢው ሲፈርስ ብዙ ባልደረቦቼ ወደ ከተማው ዳር ሄዱ። ዛሬ ደወሉ ሲደወል ሁሉም ወደ ታክሲ ሰልፍ ይሮጣል። ስለዚህ እናንተ ወዳጅነቱን ከግቢ ሳትወጡ መሥራት አለባችሁ። የተማሪዎች ውጤት የሚሞላበትን ሮስተር ለየብቻ አትሥሩ፤ አንዱ ማርክ ሲያነብ ሌላው ይሙላ። ስህተቱ ይቀንሳል፣ በመሐል ሰውም ይተዋወቃል። ዕቁብም ደግ ነው፤ ነገር ግን ገና ደመወዝ ያልወጣለትን አዲስ ተቀጣሪ ውጭ ያስቀራል።

አንድ ነገር ሁሌም ያሳዝነኛል። ለሐዘን መድረስ እናውቅበታለን፤ ድንኳኑን ስታፉ ይሞላዋል። በየክረምቱ እየተመላለሰ ዲግሪውን የያዘ ባልደረባችንን ግን «እንኳን ደስ አለህ» የሚለው ሁለት ሦስት ሰው ነው። እባካችሁ፣ እዚህ ላይ ከእኛ ተሻሉ። ቡና አፍሉለት፣ ተማሪዎቹም ይስሙ።

ሰኞ ጠዋት በሩ ላይ ቆሞ የት እንደሚቀመጥ ግራ የገባው ሰው ካያችሁ ወንበር ሳቡለት። በእረፍት ሰዓት ሻይ ክበብ ይዛችሁት ሂዱ፣ የዚያን ቀኑን ሻይ እናንተ ክፈሉ።