ስለ ኦፕን ሶርስና ስለ ሊኑክስ የጠየቃችሁኝ

ደብረ ብርሃን ሆኜ ፕሮግራም በመጻፍ ስተዳደር ዐሥራ አንድ ዓመቴ ነው፤ ይህን ሁሉ ጊዜ ዋናው ማሽኔ ላይ ያለው ሊኑክስ የሚባለው ኦፕሬቲንግ ሲስተም (ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው ዋናው ፕሮግራም) ነው። "ስለ ኦፕን ሶርስና ስለ ኦፕሬቲንግ ሲስተም የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ" ብዬ ነበር፤ ከሸዋ ሮቢት እስከ መንዝ ጥያቄ ጎረፈልኝ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌያለሁ።

ጥያቄ (ከደብረ ሲና)፦ ኦፕን ሶርስ ማለት በነፃ የሚገኝ ማለት ነው አይደል?

አይደለም። በአማርኛችን "ነፃ" ሁለት ነገር ስለሚሸከም ነው የሚምታታው። "በነፃ ወሰደ" ስንል ገንዘብ አልከፈለም፤ "ነፃ ወጣ" ስንል ግን ከሌላ ሰው እጅ ወጣ ማለታችን ነው። ፕሮግራመሩ ሪቻርድ ስቶልማን በ1983 እ.ኤ.አ. ጂኤንዩ የተባለውን የነፃ ሶፍትዌር ሥራ ሲያውጅ ያሰበው ሁለተኛውን ነው፦ ፕሮግራሙን ለፈለግኸው ሥራ ማዋል፣ ኮዱን ከፍቶ ማየት፣ ማስተካከል፣ ያስተካከሉትን ለሌላ ማካፈል። እንዲህ ላለው ሶፍትዌር "ኦፕን ሶርስ" (ኮዱ ክፍት የሆነ) የሚለው ስም የመጣው ቆይቶ በ1998 እ.ኤ.አ. ነው። ክራክ የተደረገ (ቁልፉ ያለ ፈቃድ የተሰበረ) ዊንዶውስ ገንዘብ አላስወጣህም፤ ነገር ግን ውስጡን አታየውም፣ ሲበላሽም አትጠግነውም። በነፃ አገኘኸው እንጂ ነፃ አይደለም።

ጥያቄ (የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ደብረ ብርሃን)፦ ጋሼ፣ እርስዎ ለዚህ ነገር እንዲህ የሚሟገቱት ለምንድን ነው? የሚሠራልኝ ከሆነ ክፍት ሆነ ዝግ ምን ለውጥ አለው?

እህቴ፣ በአንድ ቁልፍ ልንገርሽ። ከዓመታት በፊት የምጠቀምበትን የፋይል ማውጫ ፕሮግራም ወደ አማርኛ ቀየርኩት። አንድ ፋይል ለማጥፋት ስል ሳጥን ብቅ አለና "ፋይሉ ይሰረዝ?" አለኝ። ከሥሩ ሁለት ቁልፎች አሉ። የግራውም "ሰርዝ"፣ የቀኙም "ሰርዝ"። የተረጎመው ሰው ፋይል ማጥፋትንም፣ ሐሳብን መተውንም በአንድ ቃል ስለጻፈው የትኛው እንደሚያድነኝ፣ የትኛው እንደሚያጠፋብኝ የማውቅበት መንገድ አልነበረኝም። እናቴ ያን ሳጥን ብታየው ብዬ አሰብኩ። እሷ የምታውቀው አማርኛ ብቻ ነው።

የትርጉሙን ፋይል ከፈትኩ፤ አንዱን "አጥፋ"፣ ሌላውን "ተወው" አድርጌ ላክሁ። በሁለተኛው ቀን ፊቱን አይቼው የማላውቅ ሰው ከባሕር ማዶ "ተቀብለነዋል፣ እናመሰግናለን" ብሎ ጻፈልኝ። በሚቀጥለው ዕትም ቃሉ ተስተካክሎ ወጣ። ያንኑ ዓይነት ስሕተት በአንድ ዝግ ፕሮግራም ላይ አግኝቼ ሦስት ጊዜ ጽፌላቸዋለሁ። መልስም አልመጣ፣ ቃሉም አልተቃና። በዝግ ቤት ውስጥ አማርኛ ተራው እስኪደርሰው በር ላይ ይቆማል። በክፍቱ ግን እኛው ገብተን እናቃናዋለን። ለእኔ ለውጡ ይኸው ነው።

ጥያቄ (ከመሐል ሜዳ)፦ የሁሉም የሆነ ነገር የማንም አይደለም ይባላል። ባለቤት የሌለው ሶፍትዌር እንዴት ሳይፈራርስ ቆየ?

ይህን ጥያቄ የመንዝ ሰው ሲጠይቀኝ ደስ አለኝ፤ መልሱ እናንተው ደጃፍ ላይ ነውና። መንዝ ውስጥ ያለውን የጓሳን ሣር ማን ነው የጠበቀው? ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቀሮ በሚባለው የጋራ ጥበቃ ሥርዓት ሣሩ ለዓመታት ይዘጋ ነበር፤ ሲደርስ ተነጋግረው ይከፍቱታል፣ ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይገመድበታል። ጓሳ የጋራ ነበር፤ ልቅ ግን አልነበረም። ሕግ ነበረው፣ የሚጠብቅ ሹም ነበረው።

ኦፕን ሶርስም ልቅ አይደለም። ሊነስ ቶርቫልድስ ሊኑክስን በ1991 እ.ኤ.አ. ጀመረው፤ በ1992 እ.ኤ.አ. ጂፒኤል በሚባለው ፈቃድ ሥር አስገባው። ፈቃዱ "ውሰድ፣ ቀይር፣ ሽጥም፤ ግን የቀየርከውን ለሌላ ስትሰጥ ኮዱንም አብረህ ስጥ" ይላል። ይህ አንቀጽ ባይኖር ትልልቆቹ ኩባንያዎች ወስደው በራቸውን ይዘጉበት ነበር። እንደ ኤምአይቲ ያሉ ላላ ያሉ ፈቃዶችም አሉ፤ ለትንንሽ ሥራ እኔም እጠቀምባቸዋለሁ። የጋራ ሆኖ እንዲኖር ለምፈልገው ሥራ ግን ምርጫዬ ጂፒኤል ነው።

ከጓሳ የሚለይበት አንድ ነገር አለ። ሣር ሲታጨድ ያልቃል፤ ኮድ ቢቀዳ አያልቅም። የሚያልቀው የጠባቂው ጉልበት ነው። ወደዚህ የሚመልሰኝ ጥያቄ ቀጥሎ አለ።

ጥያቄ (ከሸዋ ሮቢት)፦ ኮዱ ለሌባም ክፍት ከሆነ እንዴት ደኅንነት ይኖረዋል?

በመጋቢት 2016 ዓ.ም. የሆነውን ልንገርህ። አንድሬስ ፍሮይንድ የሚባል ፕሮግራመር በኤስኤስኤች (ከሩቅ ወደ ማሽን መግቢያ በሆነው ፕሮግራም) ወደ ማሽኑ ሲገባ ግማሽ ሰከንድ ያህል እንደዘገየበት አስተዋለ። ሌላ ሰው ቢሆን ያልፈው ነበር። እሱ ግን መንስኤውን እየተከተለ ሲወርድ፣ ኤክስዜድ በተባለ ፋይል አጭቆ የሚያሳንስ መሣሪያ ውስጥ የተደበቀ የኋላ በር አገኘ። በሩን ያስገባው ሰው በሐሰት ስም ከሁለት ዓመት በላይ ደኅና ሥራ እየሠራ አመኔታ ያገኘ ነበር። ኤክስዜድን ለዓመታት ያለ ክፍያ፣ ብቻውን ማለት ይቻላል፣ የተሸከመው ሰው ደክሞት ነበር። አጥቂው የገባው በዚያ ድካም ነው።

ከዚህ ሁለት ነገር ወሰድኩ። ኮዱ ክፍት ባይሆን ያን ግማሽ ሰከንድ እስከ ሥሩ የሚከታተለው አልነበረም፤ ስለተገኘ በአብዛኛው የሙከራ ዕትሞች ላይ ብቻ እንዳለ ተያዘ። ሁለተኛው የሚያመኝ ነው፤ ክፍት መሆኑ ብቻውን አይጠብቅም። ዓለም ሁሉ የሚደገፍበትን ምሰሶ አንድ ሰው ብቻውን ይዞ ሲደክም ማንም አላየውም። ስለዚህ የምትጠቀምበትን ፕሮግራም የሚጠብቀው ማን እንደሆነ እወቅ፤ ከቻልክ አግዘው።

ጥያቄ (የጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ያላት፣ ደብረ ብርሃን መናኸሪያ አጠገብ)፦ የደንበኞች ፍላሽ በቫይረስ አሰለቸኝ። ፋይሉ ሁሉ ሾርትከት ይሆናል። ሊኑክስ ይረዳኛል?

በደንብ ይረዳሻል። ያ ቫይረስ ፋይሉን ብዙ ጊዜ አያጠፋውም፤ ደብቆ በቦታው ሾርትከት ያስቀምጣል። የተጻፈው ለዊንዶውስ ስለሆነ ሊኑክስ ላይ አይነሣም። አንድ አሮጌ ማሽን ላይ ሊኑክስ ጫኚና ፍላሽ ሁሉ መጀመሪያ እዚያ ይሰካ። ፋይሎቹ ስም በሌለው ማህደር ውስጥ ተቀምጠው ታገኛቸዋለሽ፤ ካልታዩሽ ኮንትሮልና ኤች ስትጫኚ የተደበቀው ይወጣል። ሊኑክስ ቫይረስ የለውም ብዬ ግን አልዋሽሽም። አለው፤ በብዛት የሚያጠቃው ሰርቨሮችን ነው።

ጥያቄ (የሒሳብ ሠራተኛ)፦ ፒችትሪ የሚባለው የሒሳብ ፕሮግራም ሊኑክስ ላይ ይሠራል?

እንጀራህ በእሱ ላይ ከሆነ ዊንዶውስህን አትንካ። የሰው ደሞዝና ግብር የተመዘገበበትን ነገር ለሙከራ አታቅርብ።

ጥያቄ (ከአላባና ከሌሎችም ቦታ የመጡ ብዙዎች)፦ አራት ጊጋ ራም ያለው አሮጌ ላፕቶፕ አለኝ። ዊንዶውስ 10 ድጋፉ አበቃ ይላሉ። ልጣለው?

አትጣለው። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ቺፕ ስለሚጠይቅ ብዙ ደኅና ማሽን በር ላይ ቀርቷል። ሊኑክስ ሚንትን፣ ኤክስኤፍሲኢ የሚባለውን ቀላሉን ዓይነት ሞክር። ፍላሽ ላይ ጭነህ ከፍላሹ ማስነሣት ስለምትችል ዲስክህን ሳትነካ ዋይፋዩ፣ ድምፁ፣ ፕሪንተሩ መሥራቱን ቀድመህ ታያለህ። ትንሽ ገንዘብ ካለህ ሃርድ ዲስኩን አውጥተህ ኤስኤስዲ (ፈጣኑን የዲስክ ዓይነት) አስገባበት፤ ከማንኛውም ኦፕሬቲንግ ሲስተም ይልቅ ፍጥነቱን የሚቀይረው እሱ ነው። ብሮውዘር ላይ ዐሥራ አምስት ገጽ ከከፈትክ ግን ሊኑክስም አያድንህም።

ጥያቄ (መምህር፣ ከእነዋሪ)፦ የድሮ የአማርኛ ፈተናዎቼን ስከፍታቸው የፈረንጅ ፊደል ዝብርቅርቅ ሆነው ይመጣሉ። ጠፍተው ቀሩ ማለት ነው?

መምህር፣ አልጠፉም። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ (ለዓለም ፊደላት ለእያንዳንዳቸው የራሳቸውን ቁጥር የሚሰጠው የጋራ መለኪያ) ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ እያንዳንዱ የአማርኛ መጻፊያ ፊደላችንን በላቲን ፊደል ቦታ ላይ እንደፈለገ ይደረድር ነበር። የዚያን ጊዜ አንድ ፎንት ከ256 በላይ ምልክት አይዝም ነበር፤ የእኛ ፊደል ደግሞ ከነዲቃላው፣ ከነቁጥሩ ከዚያ ይበልጣል። ስለዚህ ፊደሉን ቆራርጠው፣ ቅጥያውን ለብቻ አስቀምጠው ነበር የሚሠሩት። ያ ፎንት ከማሽኑ ሲጠፋ የሚቀረው የላቲኑ ዝብርቅርቅ ነው።

አንድ አባት የዕድራቸውን ደንብና የአባላት ዝርዝር እንዲህ ሆኖባቸው አምጥተውልኝ ነበር። የታተመ አንድ ገጽ በእጃቸው ስለነበር ያን ከዝብርቅርቁ ጋር እያስተያየሁ፣ የትኛው ምልክት የትኛው ፊደል እንደሆነ ሰንጠረዥ ሠራሁ። ሦስት ምሽት ፈጀብኝ። "ሰ" እና "ሱ" ቶሎ ተገኙ፤ "ሏ" እና "ቷ" ግን ከሁለት ቁራጭ የተሠሩ ስለነበሩ አስቸገሩኝ። በመጨረሻ የሟች አባላት ስም ሳይቀር ተነበበ። የእርስዎም ይመለሳል፤ የታተመ ቅጂ ካለዎት አይጣሉት።

ከዛሬ ጀምሮ ግን በዩኒኮድ ይጻፉ። ኪማን ኮዱ ክፍት የሆነ መጻፊያ ነው፤ በዊንዶውስም በሊኑክስም ይሠራል። አቢሲኒካና ኖቶ የተባሉት ፎንቶችም ክፍት ፈቃድ ስላላቸው ማንም ሊወስድብዎት አይችልም።

ጥያቄ (የጤና ባለሙያ፣ ከአጣዬ)፦ በአገራችን በሥራ ላይ የዋለ ኦፕን ሶርስ አለ?

እርስዎ ራስዎ ሳይጠቀሙበት አይቀሩም። የጤና ተቋማት ሪፖርት የሚገባበት ዲኤችአይኤስ 2 ኦፕን ሶርስ ነው፤ ልማቱን የሚመራው የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ነው። በኪስዎ ያለው ስልክ አንድሮይድ ከሆነ ከሥሩ ያለው የሊኑክስ ከርነል (የኦፕሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት) ነው።

ጥያቄ፦ እንጀራ ይሆናል ወይ?

ይሆናል። የሊኑክስን ከርነል ከሚጽፉት አብዛኞቹ ደሞዝ የሚከፈላቸው የኩባንያ ሠራተኞች ናቸው። አይቢኤም በ2019 እ.ኤ.አ. ሬድ ሃት የተባለውን የሊኑክስ ኩባንያ የገዛው በ34 ቢሊዮን ዶላር ነው። የእኔ ገቢ የሚመጣው ግን ኮዱን በመሸጥ አይደለም፤ በመጫን፣ በማስተካከል፣ ሲበላሽ ተጠርቶ በመድረስ ነው። ጀማሪ ከሆንክ መጀመሪያ ጊትን (የኮድ ለውጥ መዝግቦ የሚይዘውን መሣሪያ) ተማር፤ ከዚያ የምትጠቀምበትን አንድ ፕሮግራም ይዘህ አማርኛውን አንብብ። የምታርመው አታጣም።

ጥያቄ (የመጨረሻው፣ ከደነባ)፦ ሊኑክስ ስጭን ፋይሎቼ ይጠፋሉ?

"ዲስኩን አጥፋና ጫን" የሚለውን ከመረጥሽ አዎ፣ ሁሉም ይጠፋል። ስለዚህ ፎቶውንም ጽሑፉንም አስቀድመሽ ሌላ ዲስክ ላይ ቅጂ፤ የቀዳሽበትን ዲስክ ነቅለሽ ሌላ ማሽን ላይ ሰክተሽ መከፈታቸውን አንድ በአንድ እዪ። መብራት እንዳይቋረጥብሽ ባትሪው መሙላቱን አረጋግጪ። ከዚያ ጀምሪ።