የሚያገናኘውን መሬት ግዙ

ሰላም ለሁላችሁ። ከመካከላችን አንዱ እንዲህ ሲል ጠይቋል። «ጥቂት ሰዎች ገንዘብ አዋጥተን ለዱር እንስሳት መሬት ገዝተን ልንጠብቅ ነው። አንዱ አማራጭ ያልተነካ ደን ነው፣ ግን ዙሪያውን እርሻ ከቦታል። ሌላው የተራቆተ አነስተኛ የግጦሽ መሬት ነው፣ ግን በሁለት ደኖች መሃል ነው። የቱ ይሻላል? ከገዛንስ በኋላ ምን እንትከል?» እንዲህ ባለ ማኅበር ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ። መልሴ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

እኔ ብሆን የተራቆተውን እገዛለሁ።

የእኛ የመጀመሪያ ግዢ ልክ እንደ እናንተ አንደኛው አማራጭ ነበር። ትላልቅ ዛፎች፣ ምንጭ፣ የወፍ ድምፅ። ያየው ሁሉ ወደደው። አጥረን ጠባቂ አቆምን። አንድም ዛፍ አልተቆረጠብንም። ደኑ ግን ከዳር ወደ መሃል እየሳሳ ሄደ። ነፋስ በመጣ ቁጥር ዳር ላይ ያሉት ዛፎች ይወድቃሉ። በመጀመሪያው ዓመት የቆጠርናቸው ወፎች በአምስተኛው ዓመት ብዙዎቹ አልነበሩም። ጥፋቱ የጥበቃ ጉድለት መስሎን ተጨማሪ ጠባቂ ቀጠርን። ምንም ለውጥ አላመጣም።

ምክንያቱን የተረዳሁት ኋላ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ቶማስ ላቭጆይ የተባለ ሳይንቲስት በብራዚል ማናውስ አቅራቢያ አንድ ጥናት ጀመረ። ደን ሲመነጠር 1፣ 10 እና 100 ሄክታር ሆነው የቀሩ ቁራጭ ደኖችን ለዓመታት መከታተል ነው። ፀሐይና ነፋስ ዳሩን ያደርቁታል፣ ትላልቆቹ ዛፎች ቀድመው ይሞታሉ። በ100 ሄክታሩ ውስጥ እንኳ ከዛፎቹ ጥላ ሥር ከሚኖሩት የወፍ ዝርያዎች ግማሽ ያህሉ 15 ዓመት ሳይሞላ ጠፉ። 100 ሄክታር ብዙ ይመስላል። ለብቻው ከቀረ ግን ደሴት ነው።

የተገላቢጦሹም እዚያው ብራዚል ውስጥ ታይቷል። ጎልደን ላየን ታማሪን የምትባል ወርቃማ ጋማ ያላት ትንሽ ጦጣ አለች። በ1970ዎቹ በዱር የቀሩት 200 ያህል ብቻ ነበሩ። የምትኖርበት ደን ተቆራርጧል፣ መሃሉን አውራ ጎዳና ሰንጥቆታል። እሷ ደግሞ ገላጣ መሬት አታቋርጥም። የሚንከባከባት ማኅበር ከጎዳናው ዳር ያለ የእርሻ መሬት ተገዝቶ በዛፍ እንዲሸፈን አደረገ። በ2020 ደግሞ ከጎዳናው በላይ ዛፍ የሚበቅልበት ድልድይ ተሠራ። በእርግጥ ከእንስሳት ማቆያዎች ወደ ዱር የተመለሱ ጦጣዎችም ብዙ ረድተዋል። በ2023 በወጣው ቆጠራ ቁጥራቸው ወደ 4,800 ደርሷል። ያ የእርሻ መሬት ሲገዛ ለዓይን የሚማርክ ነገር አልነበረውም። ዋጋ የሰጠው የሚገኝበት ቦታ ነው።

አንድ ነገር ግን ሐሳቤን ያስቀይረኛል። ያልተነካው ደን ሌላ ቦታ የማይገኝ ዝርያ ካለበትና ነገ ሊመነጠር ከሆነ፣ እሱን አድኑ። ምንጠራው የእውነት እንደቀረበ ግን አጣሩ። ሻጭ ሁሉ «ሌላ ገዢ በር ላይ ቆሟል» ይላል።

ስለ ወረቀቱ ባጭሩ። ቁጭ ብለው የሰቀሉትን ቆሞ ማውረድ ይቸግራል። የማዕድን መብት የማን ነው? ውሃውን ማን ይጠቀማል? በመሬቱ ውስጥ የማለፍ መብት ያለው አለ? ማኅበራችሁ ቢፈርስ መሬቱ ለማን ይተላለፋል? የመሬቱን አጠቃቀም ለዘለቄታው የሚገድብ ውል ሕጉ የሚፈቅድ ከሆነ አስገቡበት።

እኛ የማለፍ መብቱን ሳናጣራ አጠርን። ጎረቤቶች ከብቶቻቸውን ወደ ውሃ የሚነዱት በዚያ ነበር። አጥሩ ሦስት ጊዜ ተቆረጠ። ተናደድን፣ ክስ እስከ ማሰብ ደረስን። በመጨረሻ ቁጭ ብለን ስንነጋገር እኛ ከመምጣታችን ብዙ ዓመት በፊት የነበረ መንገድ ሆኖ ተገኘ። ጥፋቱ የእኛ ነበር። መንገዱን ከፈትን፣ ከብት ከዚያ እንዳይወጣ ተስማማን። ከእነሱ ሁለቱ ዛሬ ጠባቂዎቻችን ናቸው። ሰደድ እሳት ሲነሳም ከእኛ ቀድመው የሚደርሱት እነሱ ናቸው።

ገንዘቡን ሁሉ መሬት አትግዙበት። እኔን ብትጠይቁኝ ግማሹን አስቀሩ። የጠባቂ ደመወዝ፣ የእሳት መከላከያ መስመር፣ መጤ አረም መንቀል፣ እነዚህ በየዓመቱ ይመጣሉ። ለግዢ የሚያዋጣ ሰው ታገኛላችሁ። ለስድስተኛው ዓመት አረም ነቀላ የሚያዋጣ ግን በጣም ጥቂት ነው።

አሁን ወደ ተከላው። በመጀመሪያው ዓመት ምንም አትትከሉ።

እኛ በኋላ የተራቆተ መሬት የገዛን ሰሞን አራት ሺህ ችግኝ ተከልን። ሕዝብ ወጣ፣ ፎቶ ተነሳ። በዓመቱ ሩብ እንኳ አልተረፈም። ሣሩ ዋጣቸው፣ የቀሩትን እንስሳት ቀነጠሷቸው። ምንም ያልተከልንበት አንድ ጥግ ነበር። ከብት እንዳይገባበት ብቻ ነው ያደረግነው። ጉቶዎቹ አቆጠቆጡ፣ ወፎች ዘር ጣሉበት። አራተኛው ዓመት ላይ ከራሴ በላይ ነበር።

ስለዚህ «ምን እንትከል?» ከማለታችሁ በፊት «እንዳይበቅል የከለከለው ምንድን ነው?» በሉ። መካከለኛው አሜሪካ ባለችው ኮስታ ሪካ፣ ጓናካስቴ በሚባል የጥበቃ ቦታ (ፓርክ) የሆነውን ልንገራችሁ። በ1990ዎቹ ዳንኤል ጃንዘንና ዊኒፍሬድ ሃልዋክስ የተባሉ ባለትዳር ተመራማሪዎች ለአንድ የጭማቂ ፋብሪካ ሐሳብ አቀረቡ። ፋብሪካው ከፓርኩ የሚዋሰነውን ደኑን ይሰጣል፤ በምትኩ የብርቱካን ልጣጩን ፓርኩ ውስጥ በተራቆተ መሬት ላይ በነጻ ይደፋል። 12,000 ቶን ልጣጭ 3 ሄክታር ላይ ተደፋ። ከ16 ዓመት በኋላ ሲለካ የዛፎቹ ባዮማስ (ከመሬት በላይ ያለው ክብደታቸው) ካልተደፋበት አጠገቡ ካለው መሬት በ176 በመቶ በልጦ ተገኘ። ልጣጩ ሣሩን አፍኖ ገደለው፣ አፈሩንም አዳበረው። ልጣጭ ፈልጉ ማለቴ አይደለም። እዚያ እንቅፋቱ ሣሩና የደኸየው አፈር ነበር። እናንተ ጋ ሌላ ሊሆን ይችላል።

መሬቱ ድሮ ረግረግ ከነበረ እንቅፋቱ ምናልባት ውሃ የሚያስወጣ ቦይ ነው። እንግሊዝ ውስጥ ሌክንሂዝ የሚባል ቦታ የካሮት እርሻ ነበር። በ1990ዎቹ አጋማሽ የአገሩ የወፎች ጥበቃ ማኅበር ገዛው፣ ውሃው እንዲመለስ አድርጎ ሸምበቆ ተከለበት። በ2007 ክሬን የተባሉት ባለ ረጅም እግር ወፎች መጥተው ጎጆ ሠሩ። ከዚያ አካባቢ ከጠፉ 400 ዓመት ያህል ሆኗቸው ነበር። እኛም አንድ አሮጌ ቦይ በሳንቃና በአፈር ደፈንን። የሁለት ቀን ሥራ ነበር። በዚያው ክረምት ማታ ማታ የእንቁራሪት ድምፅ መሰማት ጀመረ። ሥራው ሲደክመኝ ዛሬም የማስበው ያንን ማታ ነው።

ከመፈረማችሁ በፊት አንድ ነገር አድርጉልኝ። ዝናብ ባባራ ማግስት፣ ጠዋት በማለዳ ያንን የግጦሽ መሬት ከአንዱ ደን ወደ ሌላው በእግራችሁ አቋርጡት። ጭቃው ላይ ኮቴ ፈልጉ፣ ፋንድያም ካለ። እንስሳቱ በሌሊት መሻገር ጀምረው ከሆነ ምልክታቸውን ይተዋሉ። አጠገቡ እጃችሁን ለመለኪያ አድርጋችሁ ፎቶ አንሱና እዚህ ለጥፉት። የየትኛው እንስሳ እንደሆነ አብረን እንለየዋለን።