ስለ አሮጌዋ የፖስታ መኪና ለጠየቅሽው

እህቴ፣ እንኳን ደስ ያለሽ። እዚህ አሜሪካ ፖስታ አዳይ ሆነሽ እንደተቀጠርሽ፣ በቀኝ መሪ ነድተሽ እንደማታውቂ ጽፈሽ፣ «በረዶው ሳይመጣ ምን ልጠንቀቅ?» ብለሻል። ከላይ የመለሱልሽ ሁሉ «አይዞሽ፣ ትለምጂዋለሽ» ብለውሻል። ትለምጂዋለሽ፣ እሱ አያሳስብሽ። እኔ በነዚህ ነጭ ሳጥኖች ስዞር ነው ጸጉሬ የሸበተው፤ መሪው ስላስቸገረው ብቻ ከሥራ የተሰናበተ ሰው አላየሁም። ወረቀት ሳይዝ ቀርቶ ጣጣ ውስጥ የገባ ግን አይቻለሁ። ወደዚያ እመጣለሁ።

የማወራው ኤል ኤል ቪ ስለሚባሉት አሮጌ የፖስታ መኪኖች ነው፣ ከ1987 እስከ 1994 ስለተሠሩት። ማቀዝቀዣ ያላቸው አዲሶቹ መኪኖች ከ2024 ጀምሮ ወጥተዋል፤ አዲስ ተቀጣሪ አዲስ መኪና ሲሰጠው ግን አላየሁም። ላንቺ የምትደርስሽ ግቢው ውስጥ ካሉት ሁሉ ያረጀችው ናት። ምናልባት በዕድሜ ትበልጥሻለች።

1. መሪው። በግራ መቀመጥ የለመደ ሰው በቀኝ ሲቀመጥ ሳያውቀው ወደ ግራ ይጎትታል። ሰውነትሽ መንገዱ ላይ የለመደውን ቦታ ስለሚፈልግ የመኪናዋ ግራ ጎን መሃል መስመሩን ያልፋል። መድኃኒቱ የግራውን ስፖኪዮ ቶሎ ቶሎ ማየት ነው። እንደ ቤት መኪናሽ በመሃል መስታወት ኋላሽን አያለሁ ብለሽ አታስቢ፣ ከኋላሽ ያለው የዕቃው ሳጥንና የሚጠቀለለው በር ብቻ ነው። ከወረድሽ ደግሞ፣ ለአንድ ደብዳቤም ቢሆን፣ ፓርክ፣ የእጅ ፍሬን፣ ጎማውን ወደ ጠርዙ፣ ሞተር ማጥፋት፣ ቁልፉ በእጅሽ። «አሁን መጣሁ» የሚባል ነገር የለም።

2. ሙቀቱ። ላሜራዋ አሉሚኒየም ነው። የሠራው ግሩማን ነው፣ በአፖሎ ጊዜ ጨረቃ ላይ ያረፈችውን መንኮራኩር የሠራው ድርጅት። ማቀዝቀዣ ግን የላትም። ፊት ለፊትሽ ያለችው ትንሽ ቬንትሌተር ትኩሱን አየር መልሳ ፊትሽ ላይ ትነፋዋለች፣ ሌላ ጥቅም የላትም። ውጭው 95 ፋራናይት ሲሆን ውስጡ ከ100 በደንብ ያልፋል። ማታውኑ የውሃ ጠርሙስ ፍሪዘር ውስጥ ክተቺ። ሲያዞረኝ ጥላ ሥር አቁሜ እቀመጣለሁ፤ ለምን ዘገየህ የሚለኝ ካለ ይምጣና ይንዳት። (በፊት ጂፕ የነዱት ሽማግሌዎች ግን እኛን «ተመቻችሁ» ይሉን ነበር።)

3. ጎማ። እዚህ ላይ አንብቢ፣ ሌላውን ብትዘልዪው ግድ የለኝም። የዚህች መኪና ሻንሲ የሼቭሮሌት ኤስ-10 ነው፣ የሚገፋት የኋላ ጎማ ነው። የፊት ጎማዎቿ ከኋላዎቹ ይልቅ እርስ በርስ ቀረብ ያሉ ስለሆኑ በረዶ ላይ የኋላዎቹ የፊቶቹን ፈለግ አይከተሉም፣ የራሳቸውን መንገድ ይቆፍራሉ። ጠዋት ጭነት ስላለ ትረጋጋለች። ከሰዓት በኋላ ዕቃው ሲያልቅ ቂጧ ይቀልላል፣ ያኔ ትንሽ ዳገት ትበቃታለች። የኋላ ጎማው ካለቀ ደግሞ ተይው።

የእኔዋ የኋላ ጎማዎች አልቀው ነበር። ሱፐርቫይዘሩን ነገርኩት (ስሙንም ቅርንጫፉንም አልጠራም)። ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «በዕረፍትህ ቀን ሌሎች ይነዷታል፣ ምንም አላሉም፤ አንተ ምን የተለየህ ነህ?» አለኝ። ዝም ብዬ ሄድኩና የመኪና ብልሽት የሚሞላበትን ቅጽ፣ 4565 የሚባለውን፣ ሞላሁ። የመኪናዋን ቁጥር፣ ቀኑን፣ «የኋላ ሁለቱም ጎማ ያለቀ፣ በረዶ ላይ ይንሸራተታል» የሚለውን ጽፌ ፈረምኩ፤ ከመስጠቴ በፊት በስልኬ ፎቶ አነሳሁት። ሲቀበለኝ ሳቀ። «ደራሲ ሆነሃል» አለኝ። ጎማው አልተቀየረም።

በዕረፍቴ ቀን ሩቴን (የማድልበትን መስመር) የሸፈነችው ገና የሙከራ ጊዜዋን ያልጨረሰች ልጅ ነበረች፣ እንዳንቺ። በረዶ ጥሎ ነበር። ዳገቱ ላይ ተንሸራታ የቆመ መኪና ገጨች። ሰው አልተጎዳም፣ እግዚአብሔር ይመስገን። በማግስቱ ስገባ ያ ሱፐርቫይዘር «በጥንቃቄ ጉድለት» ብሎ ጽፎባት ጨርሷል። ልጅቷ የዕቃ ሳጥኗን ባዶ እያደረገች ታለቅሳለች። ጎማ ቢባል «ማንም ቅሬታ አላቀረበም» ይላል፣ ያውም እኔ እየሰማሁት!

ስልኬን አውጥቼ ፎቶውን ለዩኒየን ተወካያችን አሳየሁት፣ ከዚያ ሁለታችን ተያይዘን የቅርንጫፉ ኃላፊ ቢሮ ገባን። ቀኑ ከአደጋው ይቀድማል፣ የመኪናው ቁጥር ያው ነው። ኃላፊው ፎቶውን አየ፣ ሰውዬውን አየ። ሰውዬው ቅጹ «ጠፍቶ ይሆናል» አለ። ልጅቷ አልተባረረችም፣ ዛሬም እየሠራች ነው፤ በየበዓሉ ትደውልልኛለች። መኪናዋም በዚያው ሳምንት አዲስ ጎማ አገኘች። ያ ሰውዬ ይቅርታ አልጠየቀም፣ ከዚያ በኋላ ግን እኔ ቅጽ ስሞላ አይስቅም።

ይህን ሁሉ የምጽፍልሽ ሲሲኤ (የከተማ ፖስታ አዳይ ረዳት) ሆነሽ ከገባሽ የሙከራ ጊዜሽ 90 የሥራ ቀን ወይም 120 ቀን፣ ቀድሞ የሞላው ስለሆነ ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ ካሰናበቱሽ ዩኒየኑ ብዙ ሊያግዝሽ አይችልም። የቆየ ሠራተኛ አፉን ከፍቶ ይናገራል፣ አንቺ ወረቀት ያስፈልግሻል። ጠዋት ከመውጣትሽ በፊት መኪናዋን ዞረሽ እዪ፤ ጎማ፣ መብራት፣ ፍሬቻ፣ የዝናብ መጥረጊያ፣ የእጅ ፍሬን። ጉድለት ካለ በአፍ ተናገሪ፣ ግን እዚያው ጻፊው፣ ፎቶ አንሺው። «ጊዜ የለም፣ ውጪ» ቢሉሽ ሁለት ደቂቃ ነው የሚፈጀው። ሰው ምን ይለኛል አትበዪ፤ እኔን ስንት ነገር ብለውኛል።

ቅጹ የት እንደሚቀመጥ በመጀመሪያው ቀን ጠይቂ። «አልቋል» ካሉሽ የዩኒየን ተወካዩን ጠይቂው፣ እሱ ጋ አይጠፋም።