ገደል ውስጥ የተደበቀ ደን፦ ለጠየቃችሁኝ ሁሉ

ስለ ቻይናው የጉድጓድ ውስጥ ደን ሁለት መስመር ከፎቶ ጋር ጽፌ የጥያቄ ናዳ ወረደብኝ። ግማሹ ሰው መሬት ለምን እንደሚሰምጥ ማወቅ ይፈልጋል። ግማሹ የጀብዱ ልብ ወለድ እየጻፈ ነው። የቻልኩትን ያህል ልመልስ። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ፎቶው እውነት ነው ወይስ ቅንብር?

እውነት ነው። ቦታው በደቡብ ቻይና፣ ጓንግሺ ውስጥ፣ ሌዬ የምትባል ወረዳ ነው። በሜይ 2022 አሳሾች ወደ አንድ ጉድጓድ ወረዱ። ጥልቀቱ 192 ሜትር፣ ርዝመቱ 306፣ ስፋቱ 150 ሜትር። ከ100 ሜትር በላይ በገመድ ከወረዱ በኋላ ታች ለመድረስ ለሰዓታት በእግር መሄድ ነበረባቸው። እዚያ ያገኙት ወደ 40 ሜትር የሚጠጉ ያረጁ ዛፎችና እስከ ትከሻ የሚደርስ ቁጥቋጦ ነው። በነገራችን ላይ በዚያች ወረዳ ብቻ እንዲህ ያለ ጉድጓድ ሲገኝ ይኼ 30ኛው ነው።

ጥያቄ፦ መሬት ዝም ብሎ እንዴት ይሰምጣል?

ዝም ብሎ አይደለም፤ ከስር ሲበላ ከርሞ ነው። አካባቢው የኖራ ድንጋይ ነው። የዝናብ ውሃ ከአየርና ከአፈር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይዞ ሲወርድ ለስላሳ አሲድ ይሆናል። ይኼ አሲድ ድንጋዩን ቀስ እያለ ያሟሟዋል። ስንጥቁ ዋሻ ይሆናል፣ በዋሻው ወንዝ ይሄዳል፣ ዋሻው ይሰፋል። አንድ ቀን ጣሪያው ራሱን መሸከም ያቅተውና ይወርዳል።

ብዙ ሰው የሚረሳው ግን ወንዙን ነው። ጣሪያ ሲወድቅ እኮ ፍርስራሹ ጉድጓዱን መልሶ ሊደፍነው ይገባ ነበር። ወንዙ ነው እያሟሟና እየጠረገ የሚያወጣው። ወንዙ ካልሠራ ጥልቅ ጉድጓድ የለም። ቻይናዎቹ እነዚህን ትልልቆቹን ቲየንኬንግ ይሏቸዋል፣ የሰማይ ጉድጓድ እንደማለት ነው። ስሙን ለማግኘት ቢያንስ 100 ሜትር ጥልቀትና 100 ሜትር ስፋት ያስፈልጋል።

ጥያቄ፦ ትልቁ የትኛው ነው?

እዚያው ቻይና፣ ቾንግቺንግ ውስጥ ያለው ሺያኦጃይ። ከ600 ሜትር በላይ ይጠልቃል።

ጥያቄ፦ ታች ዳይኖሰር ተርፎ ሊሆን አይችልም?

አይችልም ወንድሜ። ዳይኖሰሮቹ ካለቁ 66 ሚሊዮን ዓመት ሆኗል። ጉድጓዶቹ ከዚያ በጣም ያነሰ ዕድሜ ነው ያላቸው። ደግሞ አንድ ትልቅ እንስሳ ብቻውን አይተርፍም፣ ዘር የሚተካ መንጋ ይፈልጋል። 300 ሜትር ርዝመት ያለው ጓሮ መንጋ አይቀልብም።

በምትኩ ሌላ ነገር ልስጥህ። ላይኛው መሬት ሲታረስና ሲመነጠር መጥረቢያ ያልደረሰባቸው ተክሎች ታች ሊተርፉ ይችላሉ። ነፋሱ ይቀንሳል፣ እርጥበቱ ይጨምራል፣ ጥላው አብዛኛውን ቀን ነው። ከጎን ባሉት ጨለማ ዋሻዎች ደግሞ ዓይናቸው የጠፋ ዓሣዎች አሉ። ለእኔ ከዳይኖሰር ይልቅ ዓይን የሌለው ዓሣ ያስፈራኛል።

ጥያቄ፦ ልብ ወለዴ ላይ ቦታውን መጀመሪያ የሚያገኘው የውጭ ሳይንቲስት ነው። ያስኬዳል?

እህቴ፣ ያስኬዳል፤ ግን የተሻለ ታሪክ እያለ ለምን? የቬትናሙን ሶን ዶንግ ዋሻ እንውሰድ። ሆ ካን የሚባል የአካባቢው ሰው በ1990 ገደማ ጫካ ውስጥ ውድ መዓዛ ያለው እንጨት ሲፈልግ ዝናብና ማዕበል መጣበት። የሚጠለልበት ሲፈልግ አንድ አፍ አገኘ። ከውስጥ ነፋስ ይወጣል፣ ወንዝ ይጮኻል። ፈርቶ አልገባም። ወደ ቤቱ ሄደ፣ መንገዱም ጠፋበት። ልብ በሉ፣ ያንን አፍ ድጋሚ ያገኘው በ2008 ነው።

በቀጣዩ ዓመት ከሃዋርድ ሊምበርት ጋር የመጡትን የእንግሊዝ አሳሾች መርቶ አደረሳቸው። ዋሻው 38.5 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ይሆናል፣ በይዘቱ ከሚታወቁት ትልቁ። ጣሪያው ሁለት ቦታ ወድቆ ፀሐይ ስለሚገባ ውስጡ ደን በቅሏል። አሳሾቹ አንደኛውን ቦታ «ዳይኖሰሮችን ተጠንቀቁ» ብለው በቀልድ ሰየሙት። በዚያ ጉዞ መጨረሻ ላይ 90 ሜትር ገደማ የሚሆን የኖራ ግድግዳ አቆማቸውና ተመለሱ። በዓመቱ መጥተው ወጡት።

እንግዲህ ገጸ ባሕርይሽ ይኸውልሽ። አንድ ሰው ለ18 ዓመት «አይቻለሁ» የሚለው ነገር አለው፣ ማሳየት ግን አይችልም። እኔ ብሆን ልብ ወለዱን ከዋሻው አልጀምርም፤ ሰፈሩ ስለዚህ ሰው ምን እንደሚያወራ እጀምራለሁ።

ጥያቄ፦ የቬንዙዌላውስ ጉድጓድ?

እሱ ለየት ይላል። ሳሪሳሪንያማ በሚባል ጠፍጣፋ ተራራ አናት ላይ ነው ያለው፣ ድንጋዩም ኖራ ሳይሆን የጠነከረ አሸዋ ድንጋይ ነው። ሲማ ሁምቦልት 314 ሜትር ይጠልቃል፣ ታቹ ደን ነው። እነዚያን ተራሮች እኛ አምባ እንላቸው ነበር፤ ዙሪያው ገደል፣ አናቱ ሜዳ። ደራሲው አርተር ኮናን ዶይል በ1912 በልብ ወለዱ ዳይኖሰሮቹን ያስቀመጠው በደቡብ አሜሪካ እንዲህ ያለ አምባ አናት ላይ ነው። አምባ ግሸን ላይ ነገሥታቱ ልጆቻቸውን ለምን እንዳስቀመጡ ያወቀ ሰው ዘዴው ወዲያው ይገባዋል። ገደሉ አጥር ነው። ጉድጓድ ማለት የተገለበጠ አምባ ነው።

ጥያቄ፦ እኛ አገር አለ?

ባሌ ሄደህ ሶፍ ዑመርን እይ። የኖራ ድንጋይ አለ፣ የወይብ ወንዝ በውስጡ ያልፋል፣ ዋሻው 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ይረዝማል። የሚጎድለው የጣሪያው መደርመስ ነው፣ እሱ ደግሞ ይቅርብን። ቦረና ያለውን ኤል ሶድ የጠቀሳችሁ ሰዎች፣ እሱ የእሳተ ገሞራ አፍ ነው፣ ሌላ ዘር።

ጥያቄ፦ አውሬ ከሌለ ጀግናዬን ምን ያስፈራው?

ውሃ። ጉድጓዱን የቆፈረው ወንዝ አሁንም እዚያው ነው። ክረምት ሲመጣ ከሩቅ የዘነበ ዝናብ በዋሻው በኩል ሊደርስ ይችላል፣ ከላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ እያለ። ቀጥሎ ከግድግዳው የሚወርድ ድንጋይ። ሦስተኛው ብርሃን ነው። ግድግዳው ስለሚጋርድ ፀሐይ ታች የምትደርሰው ለጥቂት ሰዓት ነው፣ ጀግናህ ገና ስምንት ሰዓት ላይ ሊመሽበት ይችላል። ሶን ዶንግ ውስጥ ደግሞ ደመና ይሠራል፣ እዚያው ዋሻ ውስጥ።

እና እባክህ፣ ገመዱ በሦስተኛው ገጽ አይበጠስ። ሁሉም ሰው ነው የሚበጥሰው። ገመዱ ደህና ይሁንና እሱ ራሱ መመለስ አይፈልግ።

ጥያቄ፦ መጎብኘት ይቻላል? ስንት ነው?

ሶን ዶንግ ይቻላል። ጉብኝቱ የተጀመረው በ2013 ሲሆን በዓመት የሚፈቀደው ለ1,000 ሰው ገደማ ነው፣ ዋጋው ወደ 3,000 ዶላር። ክፍት የሚሆነው ከጃንዋሪ እስከ ኦገስት ነው፣ ከዚያ ወንዙ ይሞላል። የአውሮፕላን ትኬቱ ለብቻው ነው።